የሳልባትዮ መተንፈሻ ሲደፈን፦ መኪናው መንገድ ላይ ለምን ይጠፋል፣ እንዴትስ ይፈተሻል?

መኪናው ጥሩ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በሙሉ ጉልበቱ ይሄዳል። ከዚያ ዳገት ላይ ወይም ፈጣን መንገድ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት እምቢ ይላል፤ ይንገጫገጫል፣ ያስላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ዳር ይዘው ሩብ ሰዓት ሲያቆሙት ምንም እንዳልነበረ ይነሣል። እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ይቀየራል፤ ቀጥሎ የነዳጅ ፖምፓው፤ ቀጥሎ ቦቢናው (ለሻማ እሳት ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ)። ሁሉም ተቀይሮ ችግሩ ሲመለስ ነው አንድ ሰው የሳልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ክዳን ከፍቶ «ፊሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ የሚሰማው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ክዳን መክፈት ገንዘብ አያስወጣም።

ሳልባትዮ ለምን ይተነፍሳል

ከሳልባትዮ በወጣው ነዳጅ ልክ አየር መግባት አለበት። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚበላ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በደቂቃ 167 ሚሊ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። በየደቂቃው ይህን የሚያህል አየር ካልገባ ውስጡ ቫኪዩም (ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት) ይፈጠራል። የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ከአፍ ሳይነሣ ሲጠጡበት ጎኑ ጭምድድ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቫኪዩሙ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ የሚወስነው ከነዳጁ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ሳልባትዮ ውስጥ 40 ሊትር ቤንዚን አለ እንበል። ከላይ የቀረው ቦታ 10 ሊትር ነው። ምንም አየር ሳይገባ 1 ሊትር ቢቃጠል፣ በ10 ሊትር ቦታ የነበረው አየር 11 ሊትር ሊሞላ ይገደዳል፤ ግፊቱም 9 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። በባሕር ጠለል ከፍታ ይህ 9 ኪሎ ፓስካል ያህል ማለት ነው። ቤንዚኑ እየተነነ ጥቂቱን ስለሚያካክስ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል። በዚያው ሳልባትዮ ውስጥ 10 ሊትር ነዳጅ ብቻ ቢኖርና 1 ሊትር ቢቃጠል ደግሞ መውረዱ ከ2.5 ከመቶ አይበልጥም። ስለዚህ መተንፈሻው የተደፈነ መኪና ሙሉ ነዳጅ በተሞላበት ቀን ቶሎ ያስቸግራል፤ ነዳጁ ሲጎድል «ተሻለው» ይባላል። ይህን የሚናገር ባለመኪና ሳያውቀው ግማሹን ምርመራ ሠርቶልዎታል።

ሞተሩ ላይ የሚደርሰው

በዘመናዊ ቤንዚን መኪና ፖምፓው ሳልባትዮው ውስጥ ሆኖ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይሰጣል። ቫኪዩሙ የአንድ ባር አንድ አሥረኛ (10 ኪሎ ፓስካል) ቢሆን ፖምፓው በጉልበት አይሸነፍም። ችግሩ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ቤንዚን ከላዩ ያለው ግፊት ሲቀንስ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በተለይ ሞተር ዞሮ የተመለሰ ሙቅ ነዳጅ ሳልባትዮው ውስጥ ካለ። በፖምፓው መግቢያ አረፋ ይፈጠራል፤ ፖምፓውም ነዳጅ መግፋቱ ቀርቶ አረፋ መግፋት ይጀምራል። ድምፁ ይቀየራል፤ ከኋላ ወንበር ሥር የነበረው ለስላሳ እምምታ ወደ ቀጭን ጩኸት ይሄዳል። ፖምፓው የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በራሱ በነዳጁ ስለሆነ፣ ለወራት እንዲህ ከሠራ በእርግጥም ይቃጠላል። አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተከትሎት ይሄዳል።

የሞተሩ ኮምፒዩተር ደግሞ በጭስ ማውጫው ሴንሰር በኩል ቅልቅሉ ነዳጅ እንዳነሰው ያያል፤ የነዳጅ መርጫውን ጊዜ እያስረዘመ ለማካካስ ይሞክራል። አቅሙ ሲያልቅ ፒ0171 ወይም ፒ0174 የሚል የብልሽት ኮድ ያስቀምጣል።

በካርቡሬተር መኪና ጉዳዩ የባሰ ነው። ፖምፓው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ የሚስብ፣ ግፊቱም ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ብቻ የሆነ ደካማ ዕቃ ስለሆነ ትንሽ ቫኪዩም ያንበረክከዋል። የካርቡሬተሩ ሳህን (ነዳጅ የሚጠራቀምባት ትንሽ ገንዳ) እየጎደለ ይሄድና ሞተሩ ይጠፋል። በናፍታ መኪና ሌላ መልክ አለው፦ ነዳጁ በረጅም ቱቦ ተስቦ የሚመጣ ከሆነ ቫኪዩሙ በላላ የቱቦ ማሰሪያ (ፋሸታ) እና በደረቀ ጎማ በኩል አየር ወደ መስመሩ ያስገባል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲዞር) ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጉልበት ያጣል፤ ከጠፋ በኋላ አየሩ ካልወጣለት አይነሣም። አየር በገባ ቁጥር መገጣጠሚያ ከማጥበቅ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይገባል።

መተንፈሻው በተቃራኒውም አቅጣጫ ይሠራል። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ቤንዚኑ ይተንና ግፊት ይጨምራል፤ መውጫ ካጣ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ውጭ ይነፋል፣ አንዳንዴም ቤንዚን ይረጫል። በካርቡሬተር መኪና ይኸው ግፊት ነዳጁን የሳህኑን መርፌ አልፎ ስለሚገፋው ሞተሩ «ይሰጥማል»፤ ሞቆ ከቆመ በኋላም በቶሎ አይነሣም። ነዳጅ ሲሞሉም ከሳልባትዮው የሚወጣው አየር መሄጃ ስለሚያጣ፣ ኖዝሉ ገና ጥቂት ሊትር ሳይሰጥ ቀጭ እያለ ደጋግሞ ይቆማል።

ብረቱ ወይም ፕላስቲኩ ራሱም ይጎዳል። 10 ኪሎ ፓስካል ትንሽ ይመስላል። ግማሽ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የሳልባትዮ ወለል ላይ ግን 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው። ወለሉ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ የነዳጅ መለኪያው ተንሳፋፊ ይዛባል፣ ሙሉ ሲሞላም የሚገባው ሊትር ይቀንሳል። ክዳኑ ሲከፈት ከሥር «ዱም» የሚል ድምፅ ከተሰማ የጎበጠው ወለል ወደ ቦታው ሲመለስ ነው።

አየሩ የሚያልፍበት መንገድ

የት እንደተደፈነ ለማግኘት መስመሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮ መኪኖች ብዙውን ጊዜ መተንፈሻው ክዳኑ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳና ቫልቭ፣ ወይም ከሳልባትዮው ወጥቶ ሻንሲው ላይ ከፍ ብሎ የሚታሰር ቀጭን ቱቦ ነው። ናፍታ መኪኖች አሁንም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው።

የኋለኞቹ ቤንዚን መኪኖች የቤንዚን ትነት ወደ ውጭ እንዳይለቁ ተደርገው ተሠርተዋል። ሳልባትዮው አናት ላይ መኪናው ቢገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ከዚያ ቱቦ ወደ ካኒስተሩ ይሄዳል፤ ካኒስተር ማለት ትነቱን የሚይዝ የከሰል ፍሬ የታጨቀበት የፕላስቲክ ጣሳ ነው። ከካኒስተሩ ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ በፐርጅ ቫልቭ በኩል ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የሚሄደው ነው፤ ይህ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ዝግ ነው። ሌላው በቬንት ቫልቭና በትንሽ ማጣሪያ በኩል ወደ ውጭ አየር የሚከፈተው ነው፤ ይህኛው ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ክፍት ነው። የሁለቱን ተቃራኒነት ይያዙት፣ ከታች ፍተሻው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። በእነዚህ መኪኖች ክዳኑ በመደበኛው ሰዓት ዝግ ነው፤ በውስጡ ያለው ቫልቭ የአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ ብቻ ነው።

የሚደፍነው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ጎማ የተረጨ ጭቃና አቧራ ማጣሪያው ላይ ደርቆ ነው። ሥራ ከተሠራ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛውን ይጠርጥሩ፦ ፖምፓ ሲቀየር የተጣጠፈ ቱቦ፣ ሳልባትዮው ሲመለስ ከላይ የተጨፈለቀ ቱቦ፣ ከሥር ፀረ ዝገት ሲቀባ አብሮ የተደፈነ አፍ። ነዳጅ የማይችል ተራ ጎማ ከተገጠመም ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው። ሸረሪትም አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ ከ50 ሺህ በላይ ማዝዳ 6 መኪኖችን የጠራው ቢጫ ሸረሪቶች በዚሁ የትነት መስመር ውስጥ ድር እያደሩ መተንፈሻውን ስለዘጉት ነበር፤ ስጋቱም ቫኪዩሙ ሳልባትዮውን ሰንጥቆ ቤንዚን እንዳያፈስ ነው። በ2014 ሌላ ዙር ጥሪ ተከትሏል። የቤንዚን ሽታ ነፍሳትን ሁሉ ያርቃል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ሌላው ትልቅ ምክንያት ኖዝሉ ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ «ሂሳቡ ይሙላ» እያሉ መጨመር ነው። ትርፉ ነዳጅ ትነት ብቻ እንዲገባበት ወደተሠራው ካኒስተር ይፈሳል፣ ከሰሉን ያረጥባል። የፈረሰው የከሰል ፍሬ ተጉዞ ሁለቱንም ቫልቮች ይሰካል።

ከመጀመርዎ በፊት

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተንጣሎ ሩቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ሥራው ሜዳ ላይ ወይም በሩ በተከፈተ ቦታ ይሠራ፤ ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ አይሁን። ለእሳት የሚሆን የዱቄት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር። ከመኪናው ሥር የሚገቡ ከሆነ ክሪክ ብቻውን አይበቃም፤ በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ይደግፉት። ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

አንድ የተለመደ ነገር እዚህ ላይ ይቁም፦ ቱቦ በአፍ መሳብ። ቤንዚን ውስጥ «ቤንዜን» የተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሳይቀር ስላለ መርዝነቱ ቀላል አይደለም፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ጠብታ ደግሞ ሆስፒታል ያስተኛል። በእጅ የሚሠራ ትንሽ የቫኪዩም ፖምፓ ወይም የጎማ ኳስ ይጠቀሙ።

ሌላ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ የኮድ ማንበቢያ፣ መልቲሜትር፣ ቢቻል የነዳጅ ግፊት መለኪያ፣ ሁለት ሜትር ያህል የሣር መቁረጫ ናይለን፣ ንጹሕ ጨርቅና ስስ የፌስታል ቁራጭ።

ደረጃ 1፦ የክዳን ፈተና

ለዚህ ፈተና ሳልባትዮው ከሦስት አራተኛ ያላነሰ ነዳጅ ይኑረው፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል። መኪናውን ችግሩ በሚመጣበት መንገድ ይንዱት። ጉልበት ማጣት ሲጀምር ዳር ይዘው ያቁሙና ወዲያውኑ ክዳኑን ይክፈቱ። ቁልፉ ያለው «ወዲያውኑ» የሚለው ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ከጠበቁ ቫኪዩሙ በትንንሽ ሽንቁር ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ያኔ ሲነሣ መተንፈሻው ይሁን የሞቀ ቦቢና መለየት አይቻልም። ብዙ ደኅና ቦቢናዎች የተጣሉት በዚህች ሩብ ሰዓት ምክንያት ነው።

ክዳኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ፊትዎን አርቀው፣ በቀስታ ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ። አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል ወይስ ወደ ውጭ ይነፋል? በጆሮ ብቻ አይለይም። ድምፁ ሳያልቅ ስሱን ፌስታል ወደ ክፍተቱ ያስጠጉ፤ ወደ ውስጥ ከተለጠፈ ቫኪዩም ነው። አጭር «ፊሽ» በብዙ ጤነኛ መኪኖች ላይ አለ። ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ የሚስብ፣ ክዳኑን ለማላቀቅ እጅ የሚፈትን ከሆነ ግን መንገዱ ተዘግቷል። በኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚደረጉ አንዳንድ ሃይብሪዶች ሳልባትዮ ሆነ ተብሎ ግፊት ይዞ እንዲቆይ የተሠራ ነው፤ ከመክፈት በፊት ግፊቱን የሚያስለቅቅ ቁልፍ አላቸው። የእነሱ ድምፅ ብልሽት አይደለም።

ክዳኑን እንደከፈቱ ሞተሩን ያስነሡ። በአንዴ ተነሥቶ ሙሉ ጉልበት ከሰጠ መልሱ ተገኝቷል።

ደረጃ 2፦ ክዳኑን አላልቶ መንዳት

ለማረጋገጥ ክዳኑን ሳያጠብቁ፣ እንዳይወድቅ ብቻ አስይዘው በዚያው መንገድ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ነዳጁ እስከ አፉ ከሞላ ይህን አያድርጉ፤ መታጠፊያ ላይ ይፈሳል። ችግሩ ከጠፋ መተንፈሻው ነው። ካልጠፋ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ ትተው ወደ ፊልትሮው፣ ፖምፓውና ቦቢናው ይሂዱ። የተዘጋ ፊልትሮ በጭነት ጊዜ ሁልጊዜ ይበድላል፣ ክዳን ቢከፈትም ባይከፈትም ግድ አይሰጠውም። የሞቀ ቦቢና ደግሞ እስኪቀዘቅዝ አይነሣም።

ክዳኑን አላልቶ መሄድ ለፈተና እንጂ ለመኖሪያ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ኮድና ግፊት

ኮድ ማንበቢያ ካለዎት ይሰኩ። ፒ0446 የቬንት ቫልቩን ክፍል ይጠቁማል። ፒ0441 እና ፒ0496 ፐርጅ ቫልቩ በማይገባው መጠን እንደሚያሳልፍ ያመለክታሉ። ፒ0451፣ ፒ0452 እና ፒ0453 ከሳልባትዮው ግፊት ሴንሰር ጋር የተያያዙ ናቸው። ፒ0442፣ ፒ0455 እና ፒ0456 የሽንቁር እንጂ የመደፈን ኮዶች አይደሉም፤ አንዱ ከታየ አስቀድሞ ክዳኑን ይመልከቱ። ኮድ የለም ማለት ግን መተንፈሻው ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የክዳን ፈተናው ከኮዱ ይበልጣል።

የግፊት መለኪያ ካለ በመርጫዎቹ መስመር ላይ ገጥመው ሞተሩ ሠርቶ ችግሩ ሲመጣ ይከታተሉት። ከ3.5 ባር ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወርዶ፣ ሰው ክዳኑን ሲከፍት በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ የሚመለስ መርፌ ክርክር አያስፈልገውም። መለኪያ ከሌለ ማንበቢያው ላይ የነዳጅ ማካካሻ (ፊውል ትሪም) መቶኛውን ይዩ፦ በጉዞው ውስጥ ከዜሮ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 15 እና 20 ከመቶ የሚወጣ፣ ክዳን ሲከፈት የሚወርድ ከሆነ ያው መልስ ነው።

ደረጃ 4፦ ከቀላሉ ጀምሮ መፈለግ

ከዚህ በኋላ ከመኪናው ሥር ስለሚገባ ነዳጁ ከሩብ በታች እስኪወርድ ይንዱት።

ክዳኑ። ግልብጥ አድርገው ይዩት። በድሮ መኪና መሃሉ ላይ ያለውን ቀዳዳና በስፕሪንግ የተያዘችውን ሳህን በጫፉ ደነዝ በሆነ እንጨት ጫን ጫን ያድርጉ፤ መውረድና መመለስ አለባት። ዝገት ከያዛት በናፍታ ነክረው ይቦርሹ፣ ያድርቁ። ቅርብ ጊዜ የተቀየረ ክዳን ከሆነ ለዚያ መኪና የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ጥርሱ የገጠመ ሁሉ ትክክለኛ ክዳን አይደለም፤ መተንፈሻ ክዳን የሚፈልግ መኪና ላይ ድፍን ክዳን መግጠም ይህንኑ ብልሽት በአንድ ቀን ይፈጥራል።

ቱቦው። ከመሙያው አንገት ጎን ጀምረው እስከ ካኒስተሩ በእጅዎ እየዳሰሱ ይከተሉት። መታጠፊያ፣ መጨፍለቅ፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ፋሸታ፣ የለሰለሰ ጎማ ይፈልጉ። ጥርጣሬ ያለበትን በሁለቱም ጫፍ ፈትተው ናይለኑን ይስደዱበት። ካላለፈ ወይም ጭቃ ይዞ ከወጣ አግኝተዋል።

እዚህ ላይ ኮምፕሬሰር ብዙ ዕቃ ያበላሻል። የታመቀ አየር የሚነፋው ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ከተፈታ በኋላ ብቻ ነው፤ ያውም ቀስ ተብሎ፣ ከካኒስተሩ ወገን ወደ ውጭ። ቱቦው እንደተገጠመ ወደ ሳልባትዮው መንፋት የግፊት ሴንሰሩን ይገድላል፣ ፕላስቲክ ሳልባትዮንም ያሳብጣል። ይህ መስመር በጭስ ሲፈተሽ እንኳ የሚሰጠው ግፊት ከ1 ፒ.ኤስ.አይ. (7 ኪሎ ፓስካል ገደማ) በታች ነው፤ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ከ100 በላይ አለው።

ቬንት ቫልቩ። ከካኒስተሩ ላይ ወይም አጠገቡ፣ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ጎማ ጀርባ ይገኛል። ሶኬቱን ነቅለው ያውጡት። ኤሌክትሪክ ሳይኖረው በቫኪዩም ፖምፓ ሲሳብ አየር በነፃ ማለፍ አለበት። ካላለፈ ወይ ማጣሪያው ላይ ጭቃ ደርቆበታል ወይ ቫልቩ ተዘግቶ ቀርቷል። ከመኪናው ውጭ፣ ከነዳጅ ርቀው፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ 12 ቮልት ይስጡት፤ ቀጭ ብሎ ይዘጋል፣ ሲያነሡበት ይከፈታል። ማጣሪያው ለብቻው የሚወጣ ከሆነ በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይመለሳል። ቫልቩ ውስጥ የከሰል ፍሬ ካዩ ቫልቩን ብቻ ቀይረው አይሂዱ፤ ምንጩ ካኒስተሩ ነው።

ካኒስተሩ። አውጥተው ያናውጡት፤ ውሃ ያለበት ጀሪካን የሚመስል የፈሳሽ ድምፅ ካለው ቤንዚን ጠጥቷል። ከአፎቹ ጥቁር ፍሬ ከወደቀ ፈርሷል። ሁለቱም በመቀየር እንጂ በማጠብ አይድኑም፤ ውሃ ከሰሉን ያበላሻል፣ በሙቀት ማድረቅ ደግሞ እሳት መጥራት ነው። አዲስ ሲገጥሙ ወደ ቫልቮቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ከፍሬ ያጽዱ፣ አለበለዚያ ያው ፍሬ አዲሱን ቫልቭ ይሰካዋል።

ፐርጅ ቫልቩ። ይህ የሚገኘው ሞተሩ ዘንድ ነው። የቬንት ቫልቩ ተቃራኒ ስለሆነ ሶኬቱ ተነቅሎ አየር ማሳለፍ የለበትም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ባትሪውን መልሰው ሞተሩን ያስነሡ፤ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ከካኒስተሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅለው አፉን በጣት ይሸፍኑ፤ ሶኬቱ እንደተነቀለ ጣትዎን የሚስብ ከሆነ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። የሞተሩ ቫኪዩም በሚኒሞ 60 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይደርሳል። መተንፈሻው ተደፍኖ ፐርጅ ቫልቩ ክፍት ከቀረ ሳልባትዮውን የሚስበው ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ነው፤ ሳልባትዮ ሲጨማደድ የሚታየው በአብዛኛው በዚህ ጥምረት ነው። ብቻውን ክፍት ሲቀር ደግሞ ምልክቱ ነዳጅ ከሞሉ በኋላ ሞተሩ ለመነሣት ማስቸገሩ ነው።

የሳልባትዮው አናት ቫልቭ። ሁሉም ደኅና ሆኖ ቫኪዩሙ ካለ፣ ከሳልባትዮው የሚወጣውን የመጀመሪያ ቱቦ ካኒስተሩ ዘንድ ነቅለው ክፍት እንዳለ የደረጃ 1ን ፈተና ይድገሙ፤ ጫፉን ከጭስ ማውጫውና ከሞቀ ነገር አርቀው ያስሩት፣ ጉዞውም አጭር ይሁን። ቫኪዩሙ ካልጠፋ የተዘጋው ከላይ ያለው ቫልቭ ወይም ከላይ የታጠፈው ቱቦ ነው። ይህ ሳልባትዮ ማውረድ ይጠይቃል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ቫልቩ ከሳልባትዮው ጋር የተበየደ ስለሆነ ለብቻው አይሸጥም። መሣሪያና ረዳት ከሌለ ለጋራዥ የሚተው ሥራ ይህ ነው።

ሲጠግኑ የማይደረጉ ሁለት ነገሮች

ክዳኑን በመሰርሰሪያ መብሳት የቆየ «መፍትሔ» ነው፤ በእርግጥም መኪናው በዚያው ቀን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን በቀዳዳው አቧራና ውሃ ይገባል፣ መታጠፊያ ላይ ቤንዚን ይወጣል፣ መኪናው ቢገለበጥ የሚያቆመው የለም፣ ዘመናዊው መኪና ደግሞ ፒ0455 አስቀምጦ ቼክ ኢንጂን ያበራል። ሁለተኛው ቬንት ቫልቩን ነቅሎ ቱቦውን ክፍት መተው ነው። ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፣ ጭቃውም በቀጥታ ካኒስተሩ ውስጥ ይገባል።

አዲስ ቱቦ ሲገዙ ለነዳጅና ለትነት የተሠራ፣ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ30 አር7 ወይም ከዚያ የተሻለ የተጻፈበት ይሁን። የውስጥ ስፋቱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን፤ «ይገባል» በሚል የጠበበ አይግጠሙ። በናፍታ መኪና የመተንፈሻው ጫፍ ከውሃና ከጎማ ርጭት በላይ እንዲሆን ከፍ አድርገው ያስሩት፣ አፉም ወደ ታች ይመልከት።

ደረጃ 5፦ ማረጋገጥ

ሶኬቶቹን መልሰው፣ ባትሪውን ገጥመው፣ የቤንዚን ሽታ አለመኖሩን አይተው ሞተሩን ያስነሡ። ነዳጁን ወደ ሦስት አራተኛ መልሰው በዚያው መንገድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ወዲያው አቁመው ክዳኑን በፌስታሉ ይሞክሩ፤ ዝም ካለ ወይም ለቅጽበት ብቻ ካንቀሳቀሰው መስመሩ ተከፍቷል።

ኮዱን ካጠፉ በኋላ መኪናው ራሱን ፈትሾ «አለፈ» እስኪል ቀናት ሊወስድ ይችላል። የትነት መስመሩን ፍተሻ ብዙ መኪኖች የሚያካሂዱት ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላና ነዳጁ በግምት ከ15 እስከ 85 ከመቶ ባለው ልክ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ሙሉ ሞልተው ወይም ባዶ አድርገው እየነዱ «ፍተሻው ለምን አልተጠናቀቀም» ብሎ ሌላ ዕቃ መቀየር አያስፈልግም፤ ነዳጁን ግማሽ ላይ አድርገው ሁለት ሦስት ጠዋት ይንዱት።